ቅቤ የማያሳልፍ ወረቀት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጆቼ ዓሣ አማረን ብለው ሐይቅ ዳር ወሰዱኝ። ዓሣ የሚጠብሰው ሰውዬ ከመጥበሻው አውጥቶ፣ ዘይቱን እንኳ በቅጡ ሳያንጠፈጥፍ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ወንበሬ ጋ ሳልደርስ ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ መዳፌን ለበለበኝ፤ ከዚያም ነጠላዬ ላይ ወረደ።

«ምን ዓይነት ወረቀት ነው ይሄ?» ብዬ ተመለስኩበት።

«ጋዜጣ ነው እማማ።»

«ጋዜጣ መሆኑንማ አያለሁ፤ ዓይኔ አልጠፋ! ምንም ያልተቀባ ወረቀት ዘይት ይይዛል ወይ ነው ጥያቄው።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ሌላ ጋዜጣ ደረበልኝ። የልጅ ልጆቼ አንገታቸውን ደፉ፤ ትልቋ «አያቴ፣ እባክሽ ዛሬ እንኳ» አለች።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ማረፍ የሚባለውን ነገር አልቻልኩበትም። ሱቅ ስገባ ብስኩቱን ትቼ መጠቅለያውን አሻለሁ፤ በጥፍሬ እጭራለሁ፤ እጥፉን ወደ ብርሃን አነሳለሁ። የሰፈራችን ባለሱቅ አንድ ቀን «እማማ ማርታ፣ ይገዛሉ ወይስ ይመረምራሉ?» ብሎኛል። ዛሬ ሁሉም ነገር በፌስታልና በላስቲክ ነው የሚታሸገው። የኛ ሙያ ሞቶ ተቀብሯል፤ ለቅሶ የደረሰም የለም። እኔም እጄ ሥራ ሲያጣ ጊዜ ብዕር ያዝኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ከወንበሬ ስንቴ እንደተነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራዬ ወረቀት መቀባት ነበር። በወጣትነቴ ሰው ሥራሽ ምንድነው ሲለኝ «ወረቀት እቀባለሁ» እያልኩ ስንቱ ሠዓሊ መስየው ሥዕል አሳዪኝ ብሎኛል! የምንቀባው ግን ቀለም አይደለም። ቅቤ፣ ዘይት፣ ቅባት ያለው ብስኩት በወረቀት ሲታሸግ ቅባቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ማሸጊያውን እንዳያወይበው ወረቀቱን አስቀድመን እናለብሰው ነበር። ቅባት በር ፈላጊ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ካገኘ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት የሳንቲም ያህል ሆኖ ይጠብቅሻል። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ያንን በር መዝጋት ነው።

የተወለድኩት ቡሹሎ ነው። ከሚስዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ከተማ ስገባ ሥራ የያዝኩበት ማሸጊያ ቤት ገና ከአንድ ነጋዴ ተወርሶ የመንግሥት መሆኑ ነበር። መጀመሪያ ካርቶን ማጠፍ፣ ከዚያ ሙጫ፣ ከዚያ ቡላ ማፍላት፣ በመጨረሻም ሰም ቤት ተመደብኩ። ደመወዙ ከጨውና ከሳሙና ብዙም አያልፍም ነበር፤ በሱ ጊዜ አላጠፋም። ሥራ አስኪያጆችም እንደ ሐይቁ ወፍ መጥተው የሚሄዱ ነበሩ። ረዘም ብለው የቆዩት አቶ ሥዩም ናቸው። ድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ ስልክ ይፈሩ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ መጀመሪያ ኮታቸውን ይቆልፋሉ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ከድር ናቸው። ከስልጤ የመጡ የነጋዴ ልጅ ናቸው፤ የተወረሰው የማሸጊያ ቤት ባለቤት አጎታቸው ነበር። አጎትየው ንብረታቸው ሲወረስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጋሽ ከድርን ግን አብዮቱም አላስወጣቸውም፤ ሰሙን ከሳቸው ሌላ የሚያውቀው አልነበረማ።

ሰም እንዴት ይቀባል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሰም ብቻ አይቀባም እላችኋለሁ። ሰም ውሃን ይመልሳል። ለቅቤ ግን ሞቅ ሲል አብሮት ይለሰልስና በሩን ይከፍትለታል። ቅባትን የሚመልሰው ከሰሙ ሥር ያለው ልባስ ነው። ለሱ ከውጭ አገር የሚመጣ ስታርች ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ ተባለና ቀረ። ጋሽ ከድርና እኔ በቡላ ተካነው። የእንሰት ቡላ ቀጠን ተደርጎ ሲፈላ፣ በብሩሽ ሲቀባና ሲደርቅ፣ ወረቀቱ ላይ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ይሆናል። ሲነገር ቀላል ይመስላል እንጂ የመጀመሪያውን ጊዜ የብስኩት ፋብሪካው «ብስኩታችን ቆጮ ቆጮ አለ» ብሎ መልሶልናል። ጋሽ ከድር ሳቅ አላቆሙም፤ እኔ ግን ተናደድኩ። በኋላ ቡላውን በውሃ እያጠቡ ማዝቀጥና የላዩን መድፋት ጀመርን፤ ውሃው ሽታ እስኪያጣ ድረስ። ቡላው ሲደርቅ ወረቀቱ በሁለት ሮለሮች መካከል በቀለጠ ሰም ገንዳ ውስጥ ያልፋል። ሰሙ በጣም ከጋለ ወረቀቱ ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። ከበረደ ደግሞ ላዩ ላይ ይቆምና ወረቀቱ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ጋሽ ከድር መለኪያ ነበራቸው፤ ግን መለኪያውን ከማየታቸው በፊት ገንዳው አጠገብ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ካስነጠሳቸው ግሏል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የሸሚዛቸው ነገር ነው። ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ ነው የሚለብሱት። ጠዋት ከተቀባው ክምር የላይኛውን ወረቀት ይወስዱና፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጠቅልለው፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። በገላቸው ሙቀት እስከ ማታ ይዘውት ይውላሉ። ማታ ሸሚዙ ነጭ ከሆነ ሥራው አለፈ፤ ቢጫ ነጥብ ከታየ የቀኑ ሥራ ተመልሶ ገንዳ ይገባል። ሚስታቸው አንድ ጊዜ በሩ ድረስ መጥተው «ይህን ሰውዬ ወይ አግቡት ወይ ሸሚዙን እጠቡለት!» ብለውናል። ጋሽ ከድር «ወረቀት የሚዋሽሽ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ገላ ላይ አይዋሽም» ይሉኝ ነበር። እኔም የልጆቼን አባት ሸሚዝ ስንት ጊዜ አበላሽቻለሁ።

አንድ ዓመት ጦርነቱ በርትቶ ነበርና ለግንባር ስንቅ የሚሆን ኮቾሮ ማሸጊያ ታዘዝን። ኮቾሮ ለማታውቁት የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው፤ ሲነክሱት ጥርስ ያስፈራራል፣ ቅባት ግን አለው። ሥራው አስቸኳይ ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ከመጋዘን ወደ ቡላ ቤት ወረቀት የምናመላልስበት የእጅ ጋሪ ጎማው ፈነዳ፤ ምትክ ታጣ። ስለዚህ ወረቀቱን ሴቶች በራሳቸው ይሸከሙ ጀመር። የተሸካሚዎቹ አለቃ ዳንጊሴ ነበረች፤ የቡሹሎ ጎረቤቴ፣ ከኔ በዕድሜ ከፍ የምትል፣ ድምፅዋ ከግቢው በር እስከ ሰም ቤት የሚሰማ። ከባዱን እስር ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ በእጇ ሳትደግፍ፣ እየቀለደች ትገባ ነበር።

ማሸጊያውን ሠርተን አስረከብን። የጋሽ ከድር ሸሚዝ በየማታው ነጭ ነበር። እኛም እፎይ አልን።

ብዙም ሳይቆይ አንድ መኪና ሙሉ ካርቶን ተመልሶ ግቢያችን ውስጥ ተራገፈ። ከፈትነው። ጥቅሎቹ ላይ ክብ ክብ እድፍ ወጥቷል፤ የኮቾሮው ዘይት አልፎ አቧራ ይዟል፤ አንዳንዱ ጉንዳን ወሮታል። ሁሉም አይደለም፤ ከየክምሩ ጥቂት ጥቂት። ጋሽ ከድር አንዱን አንስተው አዩት፤ ወዲያው ፊታቸው አመድ መሰለ። እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም ነበር። በዚያ ዘመን የተበላሸ ሥራ የተበላሸ ሥራ ብቻ አልነበረም። የግንባር ስንቅ ሲሆን ደግሞ ስሙ አሻጥር ነው።

ስልኩ ጮኸ፤ አቶ ሥዩም ኮታቸውን ቆለፉ። በማግስቱ ላንድሮቨር መጣ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ በላቸው ከፊት ወረደ። ወጣት ነው፣ ምላሱ ፈጣን፤ እሱም በበኩሉ ከበላይ የሚጠይቀው ነበረው፤ ሳይጠየቅ በፊት ጥፋተኛ አግኝቶ መጠበቅ ፈለገ። «የተወረሰው አድኃሪ የወንድም ልጅ ሰም ቤቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ቂሙን በስንቃችን ላይ ተወጣ» አለ። ጋሽ ከድር ሽርጣቸውን ፈትተው ሰጡኝ።

«ሰሙን እንዳታቃጥዪው» አሉኝ። ላንድሮቨሩ ይዟቸው ሄደ።

እንዲህ ዓይነቱ ክስ የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሚመለስ አለ፤ የማይመለስ አለ። ሚስታቸው ምሳ ይዘው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሲቆሙ አየኋቸውና ቤቴ ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። መተኛትም መብላትም አልሆነልኝ። ከተመለሰው ካርቶን አንዱን እድፋም ወረቀት ቀሚሴ ውስጥ ደብቄ እየዞርኩ፣ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እያወጣሁ አየው ነበር። ሰም ቤት ያለ ስህተት መልኩን አውቀዋለሁ፤ እጥፉ ቢሰነጠቅ መስመር ነው፤ ሰሙ ቢግል ዝንጉርጉር ነው። ይሄ ግን ክብ ነው፤ መሐል ለመሐል የተቀመጠ ክብ።

በመጨረሻ መጋዘን ገባሁና ገና ያልተቀባ፣ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ወደ ቡላ ቤት ተሸክመውት ትርፍ ሆኖ የተመለሰ ወረቀት አገኘሁ። የላዮቹ ንጹሕ ናቸው። እስሩን ገለበጥኩት። ከሥር ያሉት ወረቀቶች መሐላቸው ላይ ያው ክብ አለ፤ ወደ መስኮት ሳነሳው ብርሃን ያሳልፋል። አሸተትኩት። የኮቾሮ ዘይት ሽታ የለውም። ያልተነጠረ ቅቤ ነው፤ ቆየት ያለ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፍቼ! የሲዳማ ዘመን መለወጫ የዋለው በዚያው ሰሞን ነበር። ሴቶቹ ጸጉራቸውን በቅቤ አርሰው፣ ከበዓሉ ሜዳ ከጉዱማሌ፣ በጭፈራ ድምፃቸው ተዘግቶ ነው የመጡት። በማግስቱም ወረቀቱን በዚያው ራስ ተሸከሙት። የወረቀቱ ክብደት ቅቤውን ወደ ላይ ጨመቀው፤ ቅቤ የነካው ቦታ ቡላ አይዝም፣ ሰምም አይዝም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ። ጋሽ ከድር ደግሞ ሁልጊዜ የላይኛውን ወረቀት ነበር ኪሳቸው የሚከቱት። እኔ የቡሹሎዋ ልጅ እንዴት ቶሎ አልታየኝም ብትሉ፣ ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ጸጉሬን ቅቤ አላስነካም፤ የፍቼንም ቀን መከታተል ትቼ ነበር። ቅባትን የምናባርር ሰዎች ቅባቱን በራሳችን ተሸክመን አስገባነው! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ፍርሃቱ መጣ።

ቡሹሎ ወርጄ ለዳንጊሴ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳምኛችን፣ ነገርኳት። በሯ ላይ እንሰት እየፋቀች ነበር።

«ታዲያ ምን ያስፈራል?» አለችኝ። «ቅቤ ነው። ሰው ገደልን?»

«እኔ ልንገርላችሁ እትዬ። እኔ እችላለሁ።»

«ጭንቅላቱ የኔ፣ ቅቤውም የኔ። አንቺ ምን አገባሽ? ሰውየው በኔ ራስ ታስሮ እኔ እዚህ እንሰት ልፋቅ?»

«በአማርኛ ነው የሚጠይቁሽ።»

«በአማርኛ ስንት ዘመን ገበያ ሸጥኩ፤ ማን አታለለኝ?»

እውነቷን ነው፤ ገበያ ላይ ማንም አላታለላት። እንግዲህ እንዳልሽ ብያት ተመለስኩ።

ካድሬው በሚመራው የውይይት ክበብ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ካርቶን ቤት ተሰበሰበ። ጓድ በላቸው ስለ አሻጥረኞች ብዙ ተናገረ። አስተያየት ያለው ሲል ዳንጊሴ ተነሳች። ሻሿን አጥብቃ አስራለች።

«ጓዶች፣ እኔ ልናገር» አለች። «የወረቀት ቅባት የጋሽ ከድር አይደለም። የኛ ነው። የኔ ነው።»

ጓድ በላቸው ወደ እሷ ዞረ።

«ምን ማለትሽ ነው? አንቺ ነሽ ቅቤ የቀባሽው?»

«አዎ፣ ቀባሁ።»

«ሆን ብለሽ?»

ዳንጊሴ ጥያቄው ገረማት። ቅቤ ሳይታሰብ ብድግ ብሎ ራስ ላይ ይወጣል? «አዎ፣ ሆን ብዬ! ሴቶች ሁሉ ቀቡ።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ሽማግሌዎች። ቀኑን የሚያውቁ እነሱ ናቸው። እነሱ ሲሉ እንቀባለን።»

አንዲት ፊደል ናት የጎደለችው። «ተቀባሁ» ብትል ጸጉሯ ነበር። «ቀባሁ» ስትል ግን በር ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳ ሊሆን ይችላል፣ የግንባር ስንቅ መጠቅለያ ሊሆን ይችላል። ጓድ በላቸው የሰማው የመጨረሻውን ነው፤ ያዘዙ ሽማግሌዎችም ተጨምረውበታል። ከወንበሬ ዘልዬ «ተቀባሁ ማለቷ ነው! ጸጉሯን ነው! ፍቼ ነበር!» ብዬ ጮህኩ።

«ጓድ ማርታ፣ ተቀመጪ። አስተርጓሚ አልጠራንም። በራሷ አንደበት ተናግራለች።»

«አቶ ሥዩም!» አልኩ። አቶ ሥዩም ጫማቸውን ያዩ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የዳንጊሴ ቃል ግን ካፏ በወጣበት መልክ እንኳ አልተሰማም። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘዋት ሲወጡ ምን እንዳጠፋች ገና አልገባትም ነበር፤ ዘወር ብላ በሲዳሙ አፎ «ምን አልኩ? ማርታ፣ ምን አልኩ?» ትለኝ ነበር። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግሥቱ ጋሽ ከድር ሂድ ተባሉ፤ ጥፋተኛዋ ተገኝታለች። ለዳንጊሴ ምሳ ይዤ ጣቢያ ስደርስ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጺማቸው አድጓል፤ ሸሚዛቸው ቆሽሿል። ተሸቀዳድሜ አቀፍኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ምን አለች አልሽኝ?»

«ቀባሁ አለች።»

«ምኑን?»

«እሱን ማንም አልጠየቃት።»

ጋሽ ከድር መሬቱን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ «እኔ ከስልጤ መጥቼ የአጎቴ ሱቅ ስቀመጥ» አሉ፣ «‹ተሸጠ› ማለት አይመጣልኝም ነበር። ‹ስኳሩ ሸጠ› እላለሁ። አጎቴ ‹ማን ሸጠው? ምኑን ሸጠው? ስኳሩ እግር አውጥቶ ገበያ ወጣ?› እያለ በሰው ፊት ያስቅብኝ ነበር። እኔን ሳቁብኝ፤ እሷን አሰሯት።»

«አሁን ቤት ይግቡ ጋሽ ከድር። ሚስትዎ እየጠበቁ ነው።»

«አልገባም። የገባችው በኔ ቦታ ነው።»

የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ ብቅ ሲል ተነሱና በትሕትና፣ ግን በማይነቃነቅ ድምፅ «ጌታዬ፣ ወይ ሴትዮዋን ደግመው ይጠይቋት፣ ወይ እኔን መልሰው ያስገቡኝ» አሉት። መቶ አለቃው እብድ ነው ብሎ አለፋቸው። ዝናብ መጣ፤ አልተነሱም። ሚስታቸው ጃንጥላ ይዘው መጡና አጠገባቸው ቆሙ። እኔም ከሥራ በወጣሁ ቁጥር እዚያው ነኝ፤ ቆሜ ስንቆራጠጥ ዘበኛው «አንቺ ሴትዮ፣ መሬቱን ጨረስሽው እኮ» ይለኝ ነበር። በመጨረሻ መቶ አለቃው ሰለቸው መሰለኝ፤ ወይም አዘነ፤ ሦስታችንንም ጠርቶ አስገባን። ዳንጊሴንም አስመጣት።

ይዤ የመጣሁትን አወጣሁ፤ አንድ ንጹሕ ወረቀትና አንድ ከመጋዘን ያገኘሁትን ባለ ክብ ወረቀት። ዳንጊሴን በሲዳሙ አፎ ሻሽሽን ፍቺ አልኳት። እስር ቤቱ ውስጥም ቅቤው ከጸጉሯ አልለቀቀም ነበር። ንጹሑን ወረቀት ራሷ ላይ አድርጌ፣ ሸክም እንዳለበት በሁለት እጄ ተጫንኩት። ሳነሳው ክቡ ወጥቷል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሰጠሁት። መቶ አለቃው ወደ መስኮቱ ወስዶ እያገላበጠ አያቸው።

«ሽማግሌዎቹስ? ያዘዙት?»

ለዳንጊሴ ተረጎምኩላት። መልሷን መልሼ ለሱ ነገርኩት። «የበዓሉን ቀን የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ናቸው። እናቶቻችንም ሲቀቡ ኖረዋል።»

«እናቴም ትቀባለች» አለ መቶ አለቃው፤ ለኛ አይመስልም፣ ለራሱ ነው። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡልኝ» አለን።

በሩ ላይ ለዳንጊሴ ነገሩን ያኔ ነው በትክክል ያስረዳኋት፤ «ቀባሁ» እና «ተቀባሁ» ምን እንደሚለያዩ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። ጋሽ ከድርን አላየቻቸውም፤ እኔንም አላየችኝም። ሻሿን አሰረችና በእግሯ ወደ ቡሹሎ ሄደች።

ጋሽ ከድር ወደ ሰም ቤት ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ የሙከራ ወረቀታቸውን ከክምሩ ሥር ነው የሚያወጡት። ጓድ በላቸው ግን በስብሰባ ፊት የተሳሳተ መምሰል አልፈለገም፤ በሥራ ቦታ «ኋላ ቀር ልማድ» የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ሴቶቹ በር ላይ ራሳቸው በእጅ እየተዳሰሰ መግባት ጀመሩ። ይህን ሰምታ ዳንጊሴ ወደ ሸክሙ አልተመለሰችም። አማርኛንም ተወች። የተወችው ጨርሳ ነው። ገበያ ላይ ደንበኛ በአማርኛ ሲጠይቃት በሲዳሙ አፎ ትመልሳለች፤ ካልገባው ይሂድ። እግዚአብሔር ይመስገን በአማርኛ ሲሏት እንኳ ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች። እንደዚያ ጮክ ብላ ትቀልድበት የነበረውን ቋንቋ እንደ ተሰበረ ገል ጣለችው። ያን ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር። ጋሽ ከድርን ከእስር አወጣናቸው፣ እሷንም አወጣናት፤ ነገር ግን አንድ ነገር እዚያ ስብሰባ ላይ ቀርቶብናል፣ እሱን ማውጣት አልቻልንም።

ደግነቱ ቡላዋ የአካባቢው ምርጥ ነበርና ማሸጊያ ቤቱ ከሷ መግዛት ጀመረ። በየጊዜው ቡላዋን ጭና ግቢያችን ትመጣለች። አቶ ሥዩም በአማርኛ ይጠይቋታል፤ ሁሉም እየገባት እኔን ታያለች፤ እኔ ተርጉሜ እነግራታለሁ፤ በሲዳሙ አፎ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ አቶ ሥዩም ለራሳቸው «ይህች ሴትዮ ቡላዋ እርጥብ ነው መሰለኝ» ሲሉ ሳልተረጉም አፏን ሞልታ ሰደበቻቸው፤ እኔ «አይ፣ ደረቅ ነው ብላለች» አልኳቸው።

ጋሽ ከድር በመጣች ቁጥር ከሰም ቤት ወጥተው ይቆማሉ። እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ፤ እሷ ግን አታያቸውም። አንድ ቀን ጠሩኝና «በቋንቋዋ አስተምሪኝ» አሉኝ። «ብዙ አይደለም፤ አመሰግንሻለሁ ብቻ።» አስተማርኳቸው። ያ ጎበዝ ሰው፣ ሰም በማስነጠስ የሚለካ ሰው፣ አንድ ቃል አልያዝ አለው። ገንዳውን እየዞሩ ያጉተመትማሉ፤ ሮለሩን እያዞሩ ያጉተመትማሉ፤ እኔ ከወዲያ እየጮኽኩ አርማለሁ። ቆይቶ ቆይቶ ቻሉ።

ዳንጊሴ በመጣችበት ቀን ከሰም ቤት ወጡ። ቡላው እየተራገፈ ነው፤ አቶ ሥዩም አሉ፣ ሌሎችም ሴቶች አሉ። ጋሽ ከድር ፊቷ ቆሙ፤ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል፤ ያንን ቃል አወጡት።

ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። «አመሰግንሻለሁ» ሊሉ ፈልገው፣ ከድንጋጤ ብዛት መጨረሻው ተምታታባቸውና «አመስግኚኝ» አሏት። በሰው ሁሉ ፊት፣ ትእዛዝ አድርገው።

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ከድር መሳሳታቸውን ከፊታችን አይተው አወቁ፤ ግን ምኑ ላይ እንደሆነ አላወቁትም፤ ወደኔ ዞረው «ምን አልኩ? ማርታ፣ ምን አልኩ?» አሉኝ።

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ዳንጊሴ እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። ጋሽ ከድርን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከጣቢያው በር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«እሺ ጋሼ» አለች በአማርኛ። «አመሰግናለሁ።»